ጀርባውን ለማየት ይግቡ

አማት፦ «ይግቡ» ካሉሽ መግባት ነው እንግዲህ። ይህ ምን ያነታርካል?

ምራት፦ እማማ፣ ነገርኩዎት እኮ። «ይግቡ» ማለት ይግቡ ማለት አይደለም።

አማት፦ «ውጡ» ማለት ነው?

ምራት፦ እሱም አይደለም!

አማት፦ ታዲያ ሰውን ደጅ አቁመው «ይግቡ፣ ይግቡ» እያሉ የማያስገቡ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? አፋቸው ሌላ፣ እጃቸው ሌላ!

[ጠባብ የልብስ ስፌት ክፍል። ድሮ መኝታ ቤት ነበር፤ ምራት በመጋረጃ ከፍላው፣ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስጠግታ፣ በቅርቡ «ልብስ ሰፊ» ተብላለች። አሁን ጀርባዋን ለአማቷ ሰጥታ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። አማቷ ከኋላዋ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ታቅፈው የታችኛውን እጥፋት ይሰፋሉ። የሚሰፋውን ልብስ ቁልፍ ሁሉ የሚተክሉት እሳቸው ናቸውና የቁልፍ ቆርቆሯቸው ከጎናቸው አይጠፋም። ወለሉ ላይ ጥርስ የምታወጣ ሕፃን ልጅ ባዶ የክር ማጠንጠኛ ታኝካለች።]

ምራት፦ እንደገና ላስረዳዎት። ሙሽሪት ፎቶው ያለበትን ሊንክ ላከችልኝ። የመጀመሪያው ፎቶ ቀሚሱን ከፊት ያሳያል። አየነው፣ ሰፋነው፣ አለቀ። ሁለተኛው ከኋላ ነው። እሱን ልከፍት ስል ይኸው እንደ መጋረጃ ዱብ ብሎ «ለመቀጠል ይግቡ» ይለኛል።

አማት፦ ፊቱን አሳይቶ ጀርባውን ከለከለ?

ምራት፦ መለያ ለሌለው እንግዳ ከአንድ በላይ አናሳይም ነው የሚሉት።

አማት፦ ወይ ጊዜ! ስንቱ ጀርባውን ሲሰጠኝ ኖሯል፤ ዛሬ ፈልገን ጀርባ ይጥፋ?

ምራት፦ አይሳቁ እማማ። ምን ብላ እንደጻፈችልኝ ያውቃሉ? «ከኋላ የሚዘጋበት ልክ እንደ ፎቶው ይሁንልኝ፤ አለበለዚያ ሌላ ጋ እወስደዋለሁ።» ዚፕ ይሁን፣ ጥብጣብ ይሁን፣ ማሰሪያ ይሁን በምን ልወቅ? ዛሬ ከሰዓት ልትለካ ትመጣለች፤ ቀሚሱ ደግሞ እንደ በር ከኋላው ብርግድ ብሏል። የመጀመሪያ ሙሽራዬ ናት! ይህ ካማረልኝ ሚዜዎቿም እኔው ጋ ይመጣሉ። ከተበላሸ ተመልሼ የሰው ሱሪ ሳሳጥር መኖሬ ነው።

አማት፦ ደውለሽ ጠይቂያታ።

ምራት፦ «ልብስ ሰፊዋ ፎቶ መክፈት አቃታት» ልባል? ሞቼ እገኛለሁ!

አማት፦ ጠይቆ የሄደ መንገድ አይስትም።

ምራት፦ እኔ እኮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ! አንዲት ፎቶ አትበልጠኝም። አሁን እንዲህ እናድርግ። እኔ እገባለሁ። የማየውን አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ። እርስዎ ደግሞ «ለምን፣ እንዴት» ሳይሉ የነገርኩዎትን እዚያው ጀርባው ላይ ይሠሩልኛል። ጊዜ የለንም።

አማት፦ አንቺ ንገሪኝ እንጂ እጄስ አይሰንፍም።

ምራት፦ ገባዎት አይደል?

አማት፦ ገባኝ። አንቺስ ገባሽ?

ምራት፦ ኧረ አልገባሁም!

አማት፦ «አልገባኝም» ነው የሚባለው ልጄ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይህን አላስተማሩሽም?

[ምራት አማቷን ትወዳቸዋለች፤ ልጇን አዝለው፣ እጥፋቱን ሰፍተው፣ ቤቱን ጠርገው የሚውሉ ሰው ናቸው። ግን ስልክ ሲነሣ ጭንቅላታቸው እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው፤ እንዲህ ነው እሷ የምታስበው። ፊቷን ወደ ስልኩ ትመልሳለች።]

ምራት፦ እሺ። መሀል ላይ አንድ ቁልፍ አለ።

አማት፦ [ቆርቆሯቸውን ሳብ እያደረጉ] ምን ዓይነት ቁልፍ?

ምራት፦ ዳር ዳሩ ክብ ያለ። ነጭ በነጭ ላይ ነው፤ ዓይን ያደክማል።

አማት፦ ነጭ፣ ክብ። እሺ።

ምራት፦ ከእሱ ሥር ሌላ ቁልፍ አለ።

አማት፦ ምን ያህል ዝቅ ብሎ?

ምራት፦ ጣት እንኳ አያስገባም። ተጠጋግተው ነው ያስቀመጧቸው።

አማት፦ ቅርብ ቅርብ ሲል እኮ ያምራል።

ምራት፦ ምኑ ያምራል እማማ? አንዱን እነካለሁ ስል ሌላው እየተነካ ነው ያቃጠለኝ!

[ከኋላዋ ክር በጥርስ ሲበጠስ ይሰማል። ምራት ዞር አትልም።]

ምራት፦ ቆይ፣ ቆይ! ላይ፣ ቀኝ ጥጉ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽዬ ቁልፍ አለች። ሰው እንዳያያት ብለው ደብቀዋታል። ተንኮለኞች!

አማት፦ ታዲያ ማንም ካላያት ምን ትሠራለች?

ምራት፦ ዋናዋ እሷ ናት። የሚያውቅ ሰው ያውቃታል። እሷን ነካ ሳደርግ መጋረጃው... ተነሣ! እማማ ተነሣ! ጀርባው... ወይኔ! ተመልሶ ወረደ።

አማት፦ ምኑን አየሽ?

ምራት፦ ትከሻ። የአንዲት ሴት ትከሻ አየሁ።

አማት፦ ትከሻማ የእኛም ቀሚስ አለው።

ምራት፦ በቃ፣ ከመለያ በቀር አያስገቡም። መለያ ልከፍት ነው።

አማት፦ የየትኛው ቡድን?

ምራት፦ የኳስ መለያ አይደለም! ማን እንደሆንኩ የሚነግራቸው ነው። ስሜን፣ የተወለድኩበትን፣ ስልኬን...

አማት፦ እንዲያማ ከሆነ አንቺ ፎቶውን አይደለም የምታዪው፤ ፎቶው ነው አንቺን የሚያይሽ።

ምራት፦ [እየጻፈች] ስም... ይኸው ስሜ። ምን? «ይህ ስም ተይዟል።»

አማት፦ ማነው የያዘው? አባትሽ ያወጡልሽን ስም?

ምራት፦ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ይዞት ነው። ከጎኑ ቁጥር ልጨምር ይላል።

አማት፦ እንደ እስረኛ?

ምራት፦ ይሁን፣ ጨመርኩ። «ቀጥል» የሚል ቁልፍ መጣ። ደግሞ ሌላ «ቀጥል»። ሌላም! ኧረ ይኼ ቁልፍ አያልቅም እንዴ? ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ አሁንም ቁልፍ!

አማት፦ ቀስ በይ ልጄ፤ እጄ አንድ ነው።

ምራት፦ እኔንማ እስከ አንገቴ ደርሶብኛል!

አማት፦ ከአንገትማ ነው የጀመርነው። ገና ወገብ መድረስ አለበት።

[ምራት የሰማችው «አንገት» የሚለውን ብቻ ነው። አንገቷን ታሻለች። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ የስፌት መኪናውን ትቶ ወለሉ ላይ ወርዷል፤ ሕፃኗ ልትይዘው መዳፏን ትመታለች። ቀኑ እየሮጠ ነው።]

ምራት፦ አሁን የይለፍ ቃል አውጪ ይላል።

አማት፦ እሱስ ምንድን ነው?

ምራት፦ እንደ ዘበኛ ያስቡት። ቃሉን ካልተናገሩ አያሳልፍም። ይኸው ጻፍኩ። «የመረጡት ቃል ደካማ ነው፤ ጠንከር ያለ ቃል ይጻፉ።»

አማት፦ «ወግድ ከፊቴ!» በይው።

ምራት፦ እንደዚያ አይደለም ጠንካራው!

አማት፦ ገና አልጠነከረም? በይ እንግዲያው እኔ ልንገርሽ፤ ሕፃኗን ጆሮዋን ያዥልኝ።

ምራት፦ እማማ! ስድብ አይደለም። ፊደልና ቁጥር፣ ደግሞ አንድ ምልክት መቀላቀል አለበት። ይኸው... «ጠንካራ።» ተመስገን! ምን ብዬ ነበር የጻፍኩት ግን?

አማት፦ እኔን ነው የምትጠይቂው?

ምራት፦ ይቅር፣ በኋላ ይታወሰኛል። አሁን «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ።

አማት፦ ምን ላይ ነው የምትስማሚው?

ምራት፦ ማን አንብቦት! ርዝመቱ ከዚህ እስከ ገበያ ይደርሳል።

አማት፦ ለልጄ ስትታጪ እኔ እንኳ ወራት አስቤበት ነው የተስማማሁት። አንቺ ለአንዲት ጀርባ?

ምራት፦ ተስማምቻለሁ፣ አለቀ። አሁን ደግሞ «ጓደኞችዎን ይፈልጉ» ይላል። የምን ጓደኛ፣ እኔ ጀርባ ነው የምፈልገው! እሺ፣ ከዚህ ላይ «ዝለል» ነው።

አማት፦ ምን ያህል ልዝለል?

ምራት፦ አንዴ ብቻ ነው፤ ዘለል አድርጎ ወደሚቀጥለው።

አማት፦ ዘለልኩ።

ምራት፦ ጎበዝ። አሁን ምን አመጡ ደሞ? «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ።»

አማት፦ ሮቦት ምንድን ነው?

ምራት፦ ሰው የሚመስል መኪና። ሰው ያዘዘውን ሳይጠይቅ የሚሠራ።

አማት፦ [መርፌያቸውን እየጎተቱ] ሳይጠይቅ የሚሠራማ ምን ዓይነት ቂል ነው።

ምራት፦ ብስክሌት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጪ ይላል። ይቺ አለባት። ይቺም። ይቺ ጎማዋ ብቻ ነው የሚታየው፤ ጎማ ብስክሌት ነው እማማ?

አማት፦ የቀረው ከተሰረቀ አይደለም።

ምራት፦ አልመረጥኳትም። «ተሳስተዋል፤ እንደገና ይሞክሩ።» እሺ፣ ድልድይ ያለበት። ይኼ ድልድይ ነው ወይስ አጥር? «ተሳስተዋል።» የእግረኛ መሻገሪያ... «ተሳስተዋል።» ኧረ ሰው ነኝ! ሰው ነኝ እላለሁ! ወልጃለሁ፣ አምጫለሁ፣ ልጄን አጠባለሁ!

አማት፦ ጮክ ብለሽ አትንገሪያቸው፤ ጎረቤት ሰው አይደለችም እንዴ ይለናል።

[ሕፃኗ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ትቆምና በምራቅ የራሰ መዳፏን ስልኩ ላይ ለጠፍ ታደርጋለች።]

ምራት፦ ተይ አንቺ ልጅ! ሁሉን ነገር አጠፋሽ... «አመሰግናለሁ። ማረጋገጫዎ ተቀባይነት አግኝቷል።»

አማት፦ የልጅሽንስ ሰው መሆን አመኑ። የተጠረጠርሽው አንቺ ነሽ።

ምራት፦ አሁን የመጨረሻው ነው። በመልእክት ቁጥር ይልካሉ... መጣ። ጻፍኩ። የመጨረሻዋ ቁልፍ ይቺ ናት እማማ! ከሁሉም ታች፣ ትልቋ!

አማት፦ ትልቅ? አለችኝ፣ አለችኝ። ቆይ ከሥር ልፈልጋት።

[ቆርቆሮው ሲኮሸኮሽ ይሰማል። ምራት ቁልፏን ትነካለች።]

ምራት፦ ገባሁ! እማማ፣ ገባሁ!

አማት፦ እሰይ! ቁጭ በይ አሉሽ?

ምራት፦ ፎቶው እየተከፈተ ነው። ትከሻው... ወገቡ...

[ምራት ስልኩን ወደ ዓይኗ ታስጠጋለች፤ ታርቃለች፤ ደግማ ታስጠጋለች።]

አማት፦ ምነው? ምን አየሽ?

ምራት፦ መቆንጠጫ።

አማት፦ ምን?

ምራት፦ የልብስ መቆንጠጫ! ገመድ ላይ ልብስ የምናሰጣበት! ቀሚሱ ለልጅቷ ሰፍቷታል እማማ። ከኋላ ሰብስበው ሰብስበው በመቆንጠጫ ይዘውት ነው ፎቶ ያነሷት! ፊቱ እንደዚያ ልክክ ያለው ለዚህ ነው! ዚፕ የለው፣ ጥብጣብ የለው! በመቆንጠጫ ሰው ይዳራል? አሁን ምን ይዋጠኝ?

አማት፦ እኔ መቆንጠጫ መትከል አልችልም። ደግሞ ቁልፉን ከጨረስኩ በኋላ ነው የምትነግሪኝ?

ምራት፦ የምን ቁልፍ?

[አሁን ነው ዞር የምትለው። የቀሚሱ ጀርባ አማቷ ጉልበት ላይ ተዘርግቷል። ከአንገት እስከ ወገብ ነጫጭ ክብ ቁልፎች እንደ በቆሎ ፍሬ ተጠጋግተው ተደርድረዋል፤ በትይዩው ጠርዝ ለእያንዳንዱ የክር ቀለበት ተሠርቶለታል። አንገቱ ጥግ ላይ፣ ከጨርቁ እጥፋት ሥር፣ አንዲት ምስር የምታህል ቁልፍ ተደብቃለች። ወገቡ አጠገብ አንድ ቦታ ባዶ ነው። ከሁሉም ታች አንዲት ትልቅ ቁልፍ ጉብ ብላለች።]

ምራት፦ እማማ! ቁልፍ ይትከሉ ያለዎት ማነው?

አማት፦ አንቺ!

ምራት፦ እኔ?

አማት፦ «መሀል ላይ አንድ ቁልፍ» ያለው ማነው? «ከእሱ ሥር ሌላ»፣ «ተጠጋግተው»፣ «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ አሁንም ቁልፍ!» እያልሽ እጄን ስታጣድፊው የዋልሽው አንቺ አይደለሽም? «ለምን፣ እንዴት አይበሉ» አልሽኝ፤ አላልኩም።

ምራት፦ የስልኩን ቁልፍ ነው እኮ! ጣቴን የማሳርፍበትን!

አማት፦ ስልክ ምኑ ይገለጣል ብለው ቁልፍ ተከሉለት?

ምራት፦ እዚህ ጋስ ለምን ባዶ ሆነ?

አማት፦ «ዝለል» አልሽኝ፤ ዘለልኩ።

[ምራት ራሷን ትይዛለች። ከዚያ መቀሷን ታነሣለች። ሚዜዎቹ፣ ነጩ ጨርቅ፣ በር ላይ ልትሰቅለው ያሰበችው የስፌት ቤቷ ስም፣ ሁሉም ከፊቷ ሲሄዱ ይታያታል።]

ምራት፦ ያምጡት፤ ሳትመጣ ልፍታው። ዚፕ አስገባበታለሁ። እባክዎ በአንድ በኩል ይያዙልኝ...

[በሩ ይንኳኳል።]

ምራት፦ [ሳታስበው] ይግቡ!

[ሙሽሪት ትገባለች። ከምራት ጋር እኩያ ናት፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ክፉ ዜና እንደሚጠብቅ ሰው በር ላይ ቆም ትላለች።]

አማት፦ አየሽ? «ይግቡ» ሲባል እንዲህ ነው የሚገባው።

ሙሽሪት፦ ደህና ዋላችሁ። ቶሎ መጣሁ መሰለኝ... እንዴ! ጀርባው ነው ይኼ?

ምራት፦ እሱ... ገና ነው። ልፈታው ነበር። ትንሽ ጊዜ ከሰጠሽኝ...

ሙሽሪት፦ ልትፈቺው? እጅሽን ከዚያ አንሺ! [ጠጋ ብላ ቁልፎቹን በጣቷ ጫፍ ትዳስሳለች] እናቴ ብታየው ታለቅሳለች። ይቺ የተደበቀችው ደግሞ አንገቱ እንዳይነሣ የምትይዘው ናት አይደል?

አማት፦ ዋናዋ እሷ ናት። የሚያውቅ ሰው ያውቃታል።

ሙሽሪት፦ ይኼ ክፍተትስ? የወገቡ ጥብጣብ የሚያልፍበት ነው?

አማት፦ ምን ጥርጥር አለው!

ምራት፦ [በጥርሷ መሀል] እማማ!

ሙሽሪት፦ ልክ እንደ ፎቶው ነው ማለት ነው?

[ምራት አማቷን ታያለች፤ ቀሚሱን ታያለች። «አዎ» ብትል ሁሉም ነገር ያበቃል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የመጀመሪያ ሙሽራዋን በውሸት መዳር አልሆነላትም።]

ምራት፦ እውነቱን ልንገርሽ። ፎቶው እንዲህ አይደለም። ይኸው እዪው።

ሙሽሪት፦ [አይታ] መቆንጠጫ! [ትስቃለች፤ እየሳቀች ወንበር ላይ ትወድቃለች] መቆንጠጫ ነው እንዴ ስመኝ የከረምኩት?

ምራት፦ አንቺ ጀርባውን አይተሽው አታውቂም?

ሙሽሪት፦ በምን ልየው? «ይግቡ» አለኝ፣ መለያ የለኝም፣ ተውኩት። ፊቱ እንዲህ ካማረ ጀርባው ምን ሊሆን ነው ብዬ «እንደ ፎቶው ይሁን» አልኩሽ። አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ መቼም ገብተሽ ታዪዋለሽ ብዬ።

ምራት፦ «ሌላ ጋ እወስደዋለሁ» ያልሽውስ?

ሙሽሪት፦ ልብስ ሰፊ ካላስፈራሩት አይጨርስም ብለውኝ ነው። ትደውያለሽ ብዬ ስልኬን ይዤ ነበር የዋልኩት፤ «እንደመሰለሽ ሥሪው» ልልሽ።

[አማት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ጉሮሯቸውን ደግመው ይጠርጋሉ።]

ምራት፦ ገባኝ እማማ። አሁን ገባኝ።

ሙሽሪት፦ ታዲያ እንዲህ የተዋጣለትን ነገር ማን አሰበው?

አማት፦ እኔ ነኝ የተከልኩት፤ እሷ እየነገረችኝ።

ሙሽሪት፦ እሷ ምን እየሠራች?

አማት፦ እሷማ ሮቦት አለመሆኗን ስታስረዳ ነው የዋለችው። ለምስክርነት የደረሰችላት ልጇ ናት።

ሙሽሪት፦ ሚዜዎቼ ውጭ ቆመዋል። «ጀርባውን ሳናይ አናሰፋም» ብለውኝ ነበር። ላስገባቸው?

[ምራት ሕፃኗን ከወለሉ ታነሣለች፤ ጉንጯን ትስማለች። ሙሽሪት በሩን ትከፍታለች። ደጁ የሴቶች ሳቅና የጫማ ኮቴ ይሞላል። አማት ቀሚሱን ለሙሽሪት ያስረክቡና መርፌያቸውን ወደ ብርሃኑ ያነሣሉ።]

አማት፦ በይ ልጄ፣ ሕፃኗን ለእኔ ስጪኝና ያን ስልክሽን አንሺ።

ምራት፦ አሁን ደግሞ ለምን?

አማት፦ ስንት ቀሚስ እየገባ ነው እኮ! እኔ ክሩን አስገብቻለሁ፤ አንቺ ተቀምጠሽ ቁልፍ ጥሪልኝ።